ደሴ ላይ የወሰድኩት የፋሽን ሥዕል ኮርስ ያዋጣል?

ኮምቦልቻ ነው የምማረው፣ የልብስ ዲዛይን፣ ሁለተኛ ዓመት። ስፌት ላይ ደህና ነኝ። የምስለው ሰው ግን ሁሌ እንጨት ነበር የሚመስለው። ስለዚህ ደሴ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ የሦስት ወር የሥዕል ኮርስ ገባሁ። በወር 1200 ብር። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑ ግሩም። ብርዱ ግን! ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ሹራብ ለወጣ ሰው የጦሳ ተራራ ጭጋግ ቀልድ አያውቅም። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንም አይስቅባችሁም።

መምህሩ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ላጲስ ከለከለን። አንዳችን እንቆማለን፣ ሌሎቻችን በ30 ሰከንድ እንስላለን፤ ቀጥሎ በአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በሁለት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። እንጨቶቼን ያዳናቸው ግን አንድ መስመር ነው። ከአንገት ጉድጓድ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ መሬት ታወርዱታላችሁ። ሰውየው በአንድ እግሩ ተደግፎ ከቆመ፣ መስመሩ ክብደቱን የተሸከመው እግር ላይ ማረፍ አለበት። ካላረፈ ሥዕሉ ሊወድቅ ነው የሚመስለው። በዚያው በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፣ ትከሻው ዝቅ።

ቁመት የሚለካው በጭንቅላት ነው። እውነተኛ ሰው በአብዛኛው ከሰባት እስከ ሰባት ተኩል ጭንቅላት ይሆናል። የፋሽን ሥዕል ግን ወደ ዘጠኝ ያስረዝመዋል፤ ትርፉ በብዛት እግር ላይ ይሄዳል። ኤፎር ወረቀት ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱን ጭንቅላት ሦስት ሴንቲ ካደረጋችሁት ልክ ይገባል።

አንድ ሰኞ ትምህርት ዘልዬ ከክፍሉ ልጆች ጋር ባቲ ገበያ ወረድን። ከኮርሱ ሁሉ የምወደው ቀን ነው። አንዲት እናት ስስላቸው አይተውኝ «እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። «ኧረ በአላህ! አንገቴን የግመል አደረግሽው እኮ! ልብሴስ የታል?» ግመሎቹ ደግሞ እዚያው አጠገባችን ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ ዘጠኝ ጭንቅላቱን ስቆጥር ልብሱን ረስቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ማየት ጀመርኩ። እጥፋት ጨርቁ ከተያዘበት ይነሳል፦ ከትከሻ፣ ከክንድ መታጠፊያ፣ ከመቀነት። ሽንሽን ቀሚስ ላይ መስመሩ ወገብ ጋ ጥቅጥቅ ይልና ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ ይጠፋል። እስከ ቅምቅማቱ ድረስ እኩል ካሰመራችሁት ቆርቆሮ ይሆናል።

ሦስተኛው ወር ግን ከንቱ ነው። ከስልክ ላይ የፈረንጅ ሞዴል እየገለበጥን ቀለም መቀባት። የእርሳሱን ስብስብ ደግሞ ራሳቸው ናቸው የሚሸጡት፤ ታች ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በእጥፍ ይበልጣል። ኤች ቢ እና ቱ ቢ የሚል የተጻፈባቸው ሁለት እርሳሶች ይበቋችኋል፣ አብሽሩ።

ኮርሱ ሲያልቅ አንድ ቀሚስ ስዬ ሰፈራችን ላሉ ልብስ ሰፊ በኩራት ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። «ልጅቱ ቆንጆ ናት» አሉ። «ዚፑ የት ነው? ሽንሽኑ ስንት ነው? ጀርባውስ?»

«ጋሼ፣ ጀርባውን አልሳልኩትም።»

«እንግዲያው ከጀርባዋ ራቁቷን ናት።»

የሳሙና ቁራጭ አንስተው ጥቁር ብጣሽ ጨርቅ ላይ ቀሚሱን ያለ ሰው ሳሉት። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ይመስል፣ ፊትና ኋላውን ለየብቻ፣ ስፌቱ የሚያልፍበትን ሁሉ አሰመሩ። ትምህርት ቤት ፍላት የሚባለው ይኸው ነው። እሳቸው ስሙን አያውቁትም፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀባቸውም። ሦስት ወር ተቀምጬ አንድ ቀን ያልተነሳ ነገር!

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። ክፍያው በየወሩ ስለሆነ ሦስተኛውን ተዉት። በ1200ው ብትን ጨርቅ ግዙና ወደ ሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ሂዱ። የጀርባውን ሥዕል እንዳትረሱ ብቻ።