ኤክስ ወይስ ኤች? የማስታንጌ ማርሚታ ከ11 ወር በኋላ

መኪናዋ የ2012 ማስታንግ ጂቲ ናት። ቪ8፣ 5.0 ሊትር፣ ማንዋል። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራ የምመላለሰው በ395 አውራ ጎዳና ነው። ማርሚታዋን በልክ ሳሠራ ያሳሰበኝ ድምፁ እንጂ ጉልበቱ አልነበረም። በ11 ወር ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት መሻገሪያ ቧንቧ ነድቼባቸዋለሁ።

ቪ8 ላይ ከግራና ከቀኝ ሁለት የጭስ ቧንቧ ይወርዳል። ኤች ማለት በሁለቱ መካከል አጭር ድልድይ ነው። ኤክስ ደግሞ ሁለቱን አንድ ቦታ አገናኝቶ መልሶ ይለያቸዋል። እንዲህ ያለው ሞተር ዋናው ዘንግ 90 ዲግሪ በዞረ ቁጥር ያቀጣጥላል። የአንዱን ወገን ብቻ ብትቆጥሩ ግን ልዩነቱ 90፣ 180፣ 270፣ 180 ነው። ጭሱ አንዴ ተጣድፎ፣ አንዴ ዘግይቶ ይወጣል። የአሜሪካ ቪ8 ዱብ ዱብ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ኤች ግፊቱን በመጠኑ ያካፍልና ዱብዱብታውን ይተወዋል። ኤክስ በደንብ ስለሚያደባልቀው ድምፁ ይለሰልሳል፣ ይቀጥናል።

መጀመሪያ ያስገባሁት ኤክስ ነበር። ሦስት ወር ነዳሁት። ከ4,000 ዙር በላይ ሲወጣ ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ግን እኔ 4,000 የምደርሰው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። የቀረውን ጊዜ ትራፊክ ላይ ነኝ፤ እዚያ ደግሞ የምወደው ዱብዱብታ ጠፋብኝ።

ከዚያ ፍሪሲዮን አለቀ፤ ካምቢዮ መውረድ ነበረበት። የመጀመሪያው ጋራዥ ሥራ ያኔ ታየ። ከካታሊስቱ (ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል) እስከ ኋላ ድረስ አንድ ወጥ አድርገው በይደውታል፤ የሚፈታ ነገር የለም። ኤክሱ የተኛው ደግሞ ልክ ካምቢዮው ስር ነው። መካኒኩ በባትሪ እያበራ ቆይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ሳይቆረጥ አይወጣም» አለኝና ግራይንደሩን አመጣ። ስድስት ወር እንኳ ያልሞላው ብየዳ ሲቆረጥ ቆሜ አየሁ። በጣም አናደደኝ።

ሁለተኛውን በያጅ አጠያይቄ ነው ያገኘሁት። ቀጥ ያለ ቧንቧ ለጊዜው ገጠመና ከካታሊስቱ ጀምሮ በሁለቱም ላይ የቀለም መስመር ቀባ። ሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ያዘው። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ቀድሞ ጠቆረ፣ ተላጠ። «ድልድዩ እዚህ ነው የሚገባው» አለኝ። የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው፤ ጭሱ በጣም የሚያግልበትን ቦታ ያሳያል። ካምቢዮውን የተሸከመው ማገር ስለከለከለን አንድ ስንዝር ያህል ወደኋላ ገፋነው። ድልድዩ እንደ ዋናው ቧንቧ 2.5 ኢንች ነው። ከፊቱም ከኋላውም ክላምፕ (በቡሎን የሚጠብቅ ማያያዣ) አለው፤ ስለዚህ መጋዝ ሳይነካው ይወርዳል።

በኤች ስምንት ወር ሆነኝ። ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ ያ የምወደው ድምፅ ተመልሷል። ችግርም አለው። በ65 ማይል በስድስተኛ ማርሽ፣ 1,900 ዙር አካባቢ፣ ጆሮ ላይ የሚጫን እምምታ አለ። በኤክስ ይሄ ያንሳል። ወደ አምስተኛ ስቀንስ ይጠፋል፤ ረጅም መንገድ የሚበዛበት ሰው ግን ይሰለቸዋል። ጉልበቷን በዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) አላስለካሁም፤ በእግሬ የሚሰማኝ ልዩነት የለም። ነዳጅም ያው ነው። መኪናዋን ውድድር ሜዳ ወስዶ ከፍ ባለ ዙር የሚነዳት ሰው ኤክስ ቢያስገባ ይሻለዋል።

አምስተኛው ወር ላይ በግራው ክላምፕ ዙሪያ ጥላሸት አየሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳም ቲክ ቲክ ይል ነበር። ቡሎኑን ሳጠብቀው ቆመ። ቧንቧው 304 አይዝጌ ብረት ነው፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብየዳውን እንኳ አልነካውም። ማንጠልጠያዎቹ ግን ተራ ብረት ነበሩና ዝገዋል፤ ለሚቀጥለው ክረምት እቀይራቸዋለሁ። ካታሊስቶቹን ስላልነካን የልቀት ምርመራውን ያለ ችግር አልፋለች።