ደሳሳ ያልሆነ «ደሳሳ ጎጆ»

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ የበላሁበት ምግብ ቤት ስሙ ሌላ ሆኖ ሳለ በበሩ ላይ «ወደ ደሳሳ ጎጆአችን እንኳን ደኅና መጡ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ስለ ምግቡ ብዙ የምለው የለኝም፤ የማኛ ጤፍ እንጀራው ዓይናማ ነው፣ ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል፣ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ግን በቅጡ ሳይቁላላ የወረደ ነው። እኔን ያነጋገረኝ ሰሌዳው ነው።

«ደሳሳ» በ«ጠማማ» እና በ«ፈዛዛ» አምሳል የተበጀ ቅጽል ነው፤ የጠመመው ጠማማ፣ የፈዘዘው ፈዛዛ እንደሚባል ሁሉ፣ ይህ የቃል ቅርጽ በነገሩ ላይ የደረሰውን ይናገራል። ስለዚህ ጎጆ ውሎ አድሮ ደሳሳ ይሆናል እንጂ ደሳሳ ተደርጎ አይሠራም። በእኛ በጎጃም ገጠር የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ፣ በማገር ተያይዞ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ቤት ዋና ጠላቱ ምስጥ ነው፤ ምስጡ የቋሚዎቹን እግር ከአፈር ሥር ሲበላ፣ የክረምቱ ዝናብ ምርጊቱን ሲያጥብና የክዳኑ ሣር ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ፣ ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ጣራው ዝቅ ይላል፣ ገቢውም ጎንበስ ሳይል አያልፍም። ለእኔ ጆሮ «ዛኒጋባ» ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ከመነሻውም እንደ ነገሩ የተሠራ ነው። «ጎጆ» ብቻውን ሲሆን ግን ክብር አለው፤ ፎቅ ተከራይተው የገቡ ሙሽሮች እንኳ «ጎጆ ወጡ» ይባላሉ።

የምግብ ቤቱ ምሰሶዎች የግንድ ቅርፊት የተቀረጸባቸው ሲሚንቶ ናቸው፤ ዝናብ ሲጥል ከሣሩ ሥር የቆርቆሮው ድምፅ ይሰማል። አስተናጋጇን ስለ ሰሌዳው ብጠይቃት «ጋሼ፣ ደሳሳ ማለት የጥንት ማለት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ባለቤቱ እንግዳውን «ከደሳሳ ጎጆዬ ግባ» ቢለው ትሕትና ነው፤ እንግዳው «ከደሳሳ ጎጆህ መጣሁ» ቢለው ግን ያስቀይማል። ሰሌዳው ይህን የባለቤትነት ትሕትና ሳይደክም የተዋሰ መስሎኛል።

ከጓሮ ያለው መጸዳጃ ቤት ግን ቋሚዎቹን ምስጥ በልቷቸው ወደ አጥሩ ዘንበል ብሏል፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት። ባለቤቶቹ ወይ እርሱን ያድሱት፣ ወይ ሰሌዳውን ወደዚያ ያዛውሩት።