ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የትኛው ውሃ መዝጊያ ይሻላል? አራቱን ጎን ለጎን

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩት እናት ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል። «ልጄ፣ ኮርኒሳችን እያፈሰሰ ነው» አሉኝ። ወደ መታጠቢያ ቤት ስሮጥ ካልሲዬ ኮሪደሩ ላይ ራሰ። ሦስት ቀን ጠፍቶ የነበረው ውሃ ሌሊት በኃይል መጥቷል። የማሽኑ ጎማ ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። ቧንቧውን ግን አልዘጋነውም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህን ነው። ማሽኑ ቢጠፋም ቧንቧው ክፍት እስከሆነ ድረስ ጎማው ውስጥ ውሃ በግፊት ቆሞ ይውላል፣ ቆሞ ያድራል። ጎማው ሲፈነዳ በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ይወጣል ብንል እንኳ፣ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። በፈረቃ ውሃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ የኮርኒስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በራሱ የሚዘጋ እቃ መፈለግ ጀመርኩ። ገበያ ላይ ስማቸው ብዙ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁ ግን ይለያሉ። ውሃ መፍሰሱን በምን ያውቃል?

የመጀመሪያው በውሃው ፍጥነት የሚያውቅ ነው። የሽቦ ልባስ ያለው ጎማ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ መዝጊያ አለው። ውሃው ከተለመደው በላይ ሲሮጥ መዝጊያው ይገፋና ይዘጋል። መብራት አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ዋጋውም ከሁሉ ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ የከተማው ውሃ ሁልጊዜ በጥሩ ግፊት ስለሚመጣ እዚያ ጥሩ ይሠራል። ጠብ ጠብ የሚለውን ግን አያየውም። ውሃው ቀስ ብሎ እስከሆነ ድረስ ለእሱ ሁሉም ሰላም ነው።

ለአዲስ አበባ ይህን አልመክርም። ምክንያቱ ግፊት ነው። በሮቶ ውስጥ ካለው ውሃ እስከ ማሽኑ ያለው ከፍታ 10 ሜትር ሲሆን ግፊቱ 1 ባር ገደማ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ሆናችሁ ልዩነቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ ያላችሁ 0.3 ባር ነው። በዚህ ግፊት ጎማው ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥ እንኳ መዝጊያውን የሚገፋ ፍጥነት ላይመጣ ይችላል። በተቃራኒው ጠፍቶ የቆየ ውሃ አየር እየገፋ በድንገት ሲመለስ፣ ምንም ሳይበላሽ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ድርብ ጎማ ነው። ውሃው በውስጠኛው ጎማ ይሄዳል፣ ውጪው ደግሞ እንደ ሽፋን ይይዘዋል። ውስጠኛው ሲቀደድ ውሃው በሁለቱ መካከል ይሞላል። በተራው ዓይነት ላይ ይህ ውሃ ቧንቧው ጋ ባለው ራስ ውስጥ ያለውን ደረቅ ነገር ያርሰዋል። ደረቁ ነገር ያብጥና መዝጊያውን ይለቀዋል፣ ውሃውም ይዘጋል። ራሱ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ቀይ ስታሳይ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጎማው ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል። መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራል። ጎማውን ይጠብቃል እንጂ ማሽኑ ከሆዱ ቢያፈስ ግን አያውቅም።

የዚህ ታላቅ ወንድም እንደ ቦሽ አኳስቶፕ ያለው ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ከማሽኑ ሥር ሳህን አለ፣ ሳህኑ ላይ ተንሳፋፊ አለ። ከጎማውም ይምጣ ከማሽኑ ሆድ፣ ውሃው ሳህኑን ሲሞላ ተንሳፋፊው ተነስቶ ቧንቧው ጋ ያለውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ ያዘጋዋል። መብራት ሲጠፋም ቫልቩ ዝግ ነው። አዲስ ማሽን ልትገዙ ካሰባችሁ ይህ ያለውን ምረጡ፣ ሌላ እቃ ፍለጋ አትደክሙም። አደራ፣ ጎማው አጠረ ወይም ረዘመ ብሎ የሚቆርጥ ሠራተኛ እንዳታስገቡ። ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ።

ሦስተኛው የወለል ሴንሰር ነው። ቧንቧው ላይ በሞተር የሚዞር ቫልቭ ይገጠማል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሁለት ብረት ያላት ትንሽ ሳህን ትቀመጣለች። ውሃ ሁለቱን ብረቶች ሲያገናኝ ቫልቩ ይዘጋል፣ ይጮሃልም። ውሃው ከጎማ ይምጣ፣ ከበሩ ላስቲክ ይምጣ፣ ግድ የለውም። ለዚህ ነው የምወደው። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። ይህ ቫልቭ መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቆማል። ክፍት ከነበረ ክፍት ነው። ስለዚህ ባትሪ የሌለውን አትግዙ። ሌላው ቦታው ነው። የእኛ መታጠቢያ ቤት ወለል ወደ መፍሰሻው ዘንበል ይላል። ሴንሰሯን ማሽኑ ጀርባ ግድግዳው ጥግ ካስቀመጣችኋት፣ ውሃው በሌላ በኩል ወደ መፍሰሻው ሲወርድ እሷ ደረቅ ሆና ትቀራለች። ከማሽኑ ወደ መፍሰሻው በሚወስደው መንገድ ላይ አድርጓት። ወለል ስታጥቡ እንድትጮህ ጠብቁ፤ ያኔ አንስቶ ማድረቅ ነው።

አራተኛው ማሽኑ የሚስበውን ኤሌክትሪክ የሚከታተል ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋትስ የሚባለው ድርጅት ኢንተሊፍሎው የሚለው ዓይነት ነው። የማሽኑ ሶኬት በእሱ ላይ ይሰካል። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ውሃውን ይከፍታል፣ ሲያቆም ይዘጋል። የወለል ሴንሰርም አለው። እንደኔ በሐሳቡ ከሁሉም ይበልጣል። ጎማው ቀኑን ሙሉ ግፊት ተሸክሞ አይውልማ። ችግሩ የተሠራው ለ120 ቮልት መሆኑ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላለች እህቴ ይህን ግዢ እላታለሁ። ለእኛ 220 ቮልት ግን አይሆንም።

የቤቱን ዋና መስመር የሚዘጉት፣ እንደ ሞኤን ፍሎ ያሉት፣ ጥሩ ናቸው። ለአንድ ማሽን ሲባል ግን አይገዙም።

ከውጭ ዘመድ ለሚያስመጣ አንድ ነገር ልንገር። የአሜሪካውም የእኛም የማሽን ቧንቧ «ሦስት አራተኛ ኢንች» ይባላል። ጥርሳቸው ግን ይለያያል። የአሜሪካው በአንድ ኢንች 11.5 ጥርስ ነው፣ የእኛ 14። አንድ ዙር ያህል ገብቶ ይነክሳል። ሠራተኛው በመፍቻ ቢያስገድደው፣ ቴፍሎን ቢጠመጥምበትም ያፈሳል። ወይ ከአውሮፓ የመጣ ይሁን፣ ወይ ትክክለኛው አዳፕተር አብሮ ይምጣ። የእኛ ብዙ ማሽኖች የሚያስገቡት ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ አሜሪካው ሁለት ቫልቭ አያስፈልግም።

ምርጫዬን ልናገር። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁ፣ ከሥራችሁም ሰው ካለ፣ ባትሪ ያለው የወለል ሴንሰር ግዙ። ገንዘቡ ካልደረሰ ድርብ ጎማው ይበቃል። እኛ አሁን ሁለቱንም አድርገናል። መጀመሪያ ድርብ ጎማውን ገጠምን፣ ከአራት ወር በኋላ ሴንሰሩን ጨመርን። ምድር ቤት ሆኖ ጥሩ መፍሰሻ ላለው ቤት ድርብ ጎማው ብቻውን በቂ ነው። ተራውን ጎማ ይዞ ለሚቆይ ደግሞ ብዙ አምራቾች በየ5 ዓመቱ ቀይሩ ይላሉ። አንገቱ ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት ካያችሁ ዛሬውኑ ይቀየር።

አንዳቸውም ቢሆኑ መውጫው ጎማ ከቦታው ወልቆ ማሽኑ ውስጥ ያለው ውሃ ወለል ላይ ቢደፋ አያስቆሙትም። እሱን በማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሴንሰሩን ከገጠማችሁ በወር አንዴ በማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ቫልቩ ሲዞር ድምፁ ይሰማል። ካልተሰማ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ።