ኮኤ ኖ ካታቺ፦ የወጋው ያልረሳበት ማንጋ

ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) የልጆች ካርቱን ነው ብሎ ለሚከራከረኝ ሰው የማውሰው መጽሐፍ ይሄ ነው። «ኮኤ ኖ ካታቺ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የወጣው «ኤ ሳይለንት ቮይስ» ተብሎ ነው። ሰባት ቅጽ ብቻ ነው፣ ደግሞም አልቋል፣ እንደሌሎቹ ዓመት ሙሉ ቀጣዩ መቼ ይወጣል እያሰኘ አያንገላታም። የጻፈችውም የሳለችውም ዮሺቶኪ ኦኢማ ናት። በጃፓን ሳምንታዊው ሾነን መጽሔት ላይ በ2013 ጀምራ በ2014 ጨረሰችው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምዘረግፈው፣ ቀድሞ መስማት የማይፈልግ እዚህ ጋ ይመለስ። ደግሞ ራስን የማጥፋት ነገር አለበት። ለታዳጊ ልጅ የምትገዙ ካላችሁ እናንተ ቅደሙና አንብቡት።

ሾያ ኢሺዳ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ድብርት አይወድም፤ ድብርቱን ለማባረር ከጓደኞቹ ጋር ከከፍታ ወንዝ ውስጥ የሚዘል ዓይነት ቀበጥ። አንድ ቀን ክፍሉ አዲስ ተማሪ ትገባለች፣ ሾኮ ኒሺሚያ። መስማት የተሳናት ናት፣ የምታወራውም በደብተር ነው። ከእኔ ጋር መጫወት የፈለገ እዚህ ላይ ይጻፍልኝ ትላቸዋለች። መጀመሪያ ይጽፉላታል። ከዚያ ይሰለቻቸዋል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ስድብ ይጻፍበታል፣ ሾያ ጆሮዋ ሥር ይጮኽባታል፣ አነጋገሯን እየቀዳ ክፍሉን በሳቅ ይገድላል፣ ደብተሩን ኩሬ ውስጥ ይወረውራል፣ የመስሚያ መሣሪያዋን ከጆሮዋ እየመነጨቀ ይጥላል፣ አንድ ቀን ጆሮዋ እስኪደማ። በአምስት ወር ውስጥ ስምንት መሣሪያ ተሰብሯል ወይ ጠፍቷል። ዋጋው 1.7 ሚሊዮን የን።

ቅጽ አንድ ላይ ያስደነቀኝ ግፉ ራሱ አይደለም፣ ግፍማ ስንቱ መጽሐፍ ላይ አለ። ያስደነቀኝ ክፍሉ ነው። ሁሉም ይስቃል። መምህሩ ታኬኡቺ እንኳ ሳያስበው ሳቅ ያመልጠዋል። የልጅቷ እናት ለትምህርት ቤቱ አቤት ብላ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ሲገባ ግን፣ ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ሕዝብ ባንዴ ጻድቅ ይሆንና ጣቱን ሾያ ላይ ይቀስራል። ሾያ አጥፍቷል፣ ጥያቄ የለውም። ግን ብቻውን አልነበረም። በማግስቱ እሱ ራሱ መቀለጃ ይሆናል፤ ጫማው ይደበቃል፣ ጠረጴዛው ላይ ስድብ ይጻፍበታል። ያንን ስድብ በየማለዳው ማን ስታጠፋለት እንደነበረ የሚያውቀው ሾኮ ትምህርት ቤቱን ለቃ ከሄደች በኋላ ነው።

እናቱ ፀጉር ቤት አላት፣ ልጆቿን ያለ አባት ነው የምታሳድገው። ዕዳውን አውጥታ ትከፍላለች። ገንዘቡን ይዛ ከሾኮ እናት ጋር ተገናኝታ ስትመለስ ጆሮዋ እየደማ ነው፣ ጉትቻዋ የለም። ኦኢማ እዚህ ላይ ንግግር አታበዛም። ልጁ የእናቱን ጆሮ ያያል፣ በቃ። ገጹን ገልጬ ለማለፍ ትንሽ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይዘላል። ሾያ ጓደኛ የለውም፣ የሰው ፊት ማየት አይችልም። ይሄ እንዴት እንደተሳለ ልንገራችሁ፦ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተለጥፎበታል። ከአንዱ ጋር ሲቀራረብ ምልክቱ ተላቆ ይወድቃል። መጀመሪያ የወደቀው ብስክሌቱን ሊነጠቅ ሲል ካስጣለው ከናጋትሱካ ፊት ነው። ናጋትሱካ አጭር፣ ወፍራም፣ ፀጉሩ ጉድ የሆነ፣ «ጓደኛዬ» ማለት የማይሰለቸው ልጅ ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሳቅ ግማሹ ከሱ ነው የሚመጣው። ሲቀያየሙ ደግሞ ምልክቱ ተመልሶ ይለጠፋል። ቀላል ዘዴ ነው፣ ግን አንድ ገጽ ሳትጽፍ ብቸኝነቱን ታስረዳበታለች።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ይሄ መጽሐፍ ተቃራኒውን ይዞ ነው የተነሳው፦ ወጊው መርሳት ቢያቅተውስ? ሾያ ለመሞት ወስኗል። ሠርቶ፣ ዕቃውን ሸጦ ያንን 1.7 ሚሊዮን አጠራቅሞ እናቱ ትራስጌ ያስቀምጥና፣ ከመሞቱ በፊት ሾኮን አግኝቶ ይቅርታ ሊጠይቅና ያን ደብተር ሊመልስላት ይሄዳል። የምልክት ቋንቋ ተምሯል። ድሮ እሷ በእጇ ስትለው ያልገባውን «ጓደኛ እንሁን» የሚለውን ምልክት አሁን እሱ ያሳያታል። ያን ቀን አልሞተም።

እናቱ ግን ገብቷታል። በማግስቱ ቁርስ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ እያቀረበችለት ድንገት ትጠይቀዋለች፣ ገንዘቡን በአንድ እጅ ላይተሩን በሌላ እጅ ይዛ፣ ሁለተኛ አላስበውም ብለህ ካልማልክልኝ አቃጥለዋለሁ ትለዋለች። ይምላል። ገንዘቡ ግን ተቃጠለ። ያ ሁሉ የላብ ፍሬ! ስቄያለሁ፣ ደግሞ ሳቄ ደስ አላለኝም። ልጁ ዕዳዬን ዘግቼ ልሂድ ብሎ ነበር፣ እናቱ የሂሳብ መዝጊያውን አነደደችበት።

ለእኔ የመጽሐፉ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው ያለው። ይቅርታ ጠይቆ መገላገል የለም። የሾኮ ታናሽ ዩዙሩ፣ መጀመሪያ ወንድ የሚመስለን ቆፍጣና፣ ሾያን በር ላይ አስቁማ የምትለው ነገር አለ፦ የመጣኸው ለሷ ነው ወይስ አንተ ደስ እንዲልህ? ልጁ መልስ የለውም። ሽማግሌ የለ፣ አስታራቂ የለ፣ እግር ላይ ወድቆ «በቃ ተነሳ» የሚባልበት ሥርዓት የለ። ያለው አማራጭ በየሳምንቱ ዳቦ ይዞ ድልድዩ ጋ መሄድና ከሷ ጋር ዓሣ መመገብ ነው። መጽሐፉ ካሣ የሚለው ይሄን መመላለሱን ነው፣ እኔም ተቀብዬዋለሁ።

ስለ ሁለት ሰዎች ሳልናገር አላልፍም። ኡኤኖ የድሮ የክፍል ጓደኛቸው ናት፣ ክፉ ናት፣ ግን አትዋሽም። የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ከሾኮ ጋር ብቻዋን ትሆንና አልወድሽም፣ አንቺም አትወጂኝም፣ እየተጠላላንም ቢሆን እጅ እንጨባበጥ ትላታለች። በኋላ ሆስፒታል ደጅ ሾኮን ስትደበድባት ደግሞ መጽሐፉን ልወረውረው ነበር። እንዲያም ሆኖ ከካዋይ እሷን እመርጣለሁ። ካዋይም የድሮ የክፍል ጓደኛቸው ናት፤ ያቺ «እኔ ምንም አላደረግኩም፣ እንደውም አትንኳት ስል ነበር» ባይዋ ናት፣ ዕንባዋ ደግሞ ቅርብ። ስትስቅ አይተናታል እኮ፣ ቅጽ አንድ ላይ ተስሏል! እንደዚህ ዓይነት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም።

የሾኮን እናትም መጀመሪያ ጨካኝ ትመስለናለች። ቅጽ አራት ላይ የልጅቷ አለመስማት ሲታወቅ ባሏና ቤተሰቦቹ ጥፋቱ ያንቺ ነው ብለው ጥለዋት እንደሄዱ ስናይ ነው ፊቷ ለምን እንደደረቀ የሚገባን። ይሄን ታሪክ ለማመን ጃፓናዊ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መካከሉ ላይ ልጆቹ ተሰብስበው ፊልም እንሥራ ይላሉ። እዚያ ጋ ታሪኩ ይንዛዛል፣ ማሺባ የሚባል ልጅ ይጨመርና ምን ሊሠራ እንደመጣ ቶሎ አይገባችሁም። ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሾኮ ናት። ስለ ሾያ ጭንቀት ሰባት ቅጽ ሙሉ እንሰማለን፣ እሷ ግን ትስቃለች፣ ይቅርታ ትላለች፣ ደግማ ትስቃለች። ያሰቃያትን ልጅ ስትወደው እንኳ ከምን ተነስታ እንደሆነ በቅጡ አልተነገረኝም። ዩዙሩ የሞቱ እንስሳትን ፎቶ ለምን እንደምታነሳ እናውቃለን (እህቷ መሞትን እንዳትመኝ ብላ ነው)፣ እህቷ ግን የምትፈልገውን የምናውቀው ከስንት ገጽ በኋላ ነው። የርችቱ ማታ ከበረንዳው ልትዘል ስትል እኔም እንደ ሾያ ዱብ ዕዳ ነው የሆነብኝ። ምናልባት ደራሲዋ የፈለገችው ይሄንኑ ይሆናል፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነው ነገሩ። ቢሆንም ይጎድላል።

ሾያ አድኗት እሱ ራሱ ወድቆ ራሱን ስቶ በተኛበት ጊዜ ግን ኦኢማ አንድ ምዕራፍ ለሾኮ ትሰጣታለች። ሰዎች የሚሉት ሁሉ ፊደሉ ተቆራርጦ፣ ጎድሎ ነው የተጻፈው። ዓይናችሁን አጥብባችሁ ትገምታላችሁ፣ ግማሹ ያመልጣችኋል፣ ትናደዳላችሁ፣ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርግ የኖረችው ይሄንኑ ነው። ከሰባቱ ቅጽ አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብቡ ብባል ይሄን እላለሁ።

ሥዕሉ ላይ እጆቹን ልብ በሉ። የደራሲዋ እናት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት፣ ሥራውንም አግዛታለች፣ ያስታውቃል። ታሪኩ መጀመሪያ አጭር ሆኖ በ2008 የጀማሪዎች ሽልማት አግኝቶ ነበር፣ ግን አሳታሚዎቹ ጉዳዩ ስለከበዳቸው አናወጣም ብለው እስከ 2011 ቆይቷል፤ በሕግ ባለሙያ ታይቶ፣ የጃፓን መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽንም አይቶ ደግፎት ነው የታተመው። በ2015 በታዋቂው የማንጋ ደራሲ በኦሳሙ ቴዙካ ስም የሚሰጠውን የአዲስ ደራሲ ሽልማት ወሰደ።

ፊልሙን አይቻለሁ አይበቃም ወይ ለምትሉ፣ አይበቃም። የ2016ቱ የኪዮቶ አኒሜሽን ፊልም፣ ናኦኮ ያማዳ ያዘጋጀችው፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ ሙዚቃውም ድምፁም መጽሐፍ የማይሰጠውን ይሰጣል። ግን የትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ያበቃል። መጽሐፉ ከዚያም ይቀጥላል፦ ሾኮ ፀጉር ሥራ ልትማር ቶኪዮ ትሄዳለች፣ ሁሉም ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ይገናኛሉ፣ ሁሉም ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልታረቀም። የኡኤኖና የሾኮ ነገርም በመጽሐፉ ነው በደንብ የሚገባው።

የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው ያነበብኩት፣ ቋንቋው ከባድ አይደለም። ሰባቱም በአንድ ሣጥን የሚሸጥበት አለ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ካላችሁ እሱን አስመጡ፣ ነጠላ ነጠላውን ስትለቅሙ አንዱ ቅጽ መጥፋቱ አይቀርም። ማንጋ ይዛችሁ ለማታውቁ፦ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ ከኋላ ሽፋኑ ጀምሩ። ቅጽ አምስት ላይ ከደከማችሁ ግፉበት፣ ስድስተኛው ላይ ያ የሾኮ ምዕራፍ አለ።