ጥፋቱ የዲናሞው አልነበረም፦ በሐዋሳ ሁለት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪዎች ዘንድ ያየሁት

ከምኖርበት ከካልጋሪ ተነሥቼ ዘንድሮ ለአምስት ሳምንት ሐዋሳ በቆየሁበት ጊዜ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ በዝርዝር ልጽፍበት የሚገባኝ ሆኖ ያገኘሁት የመኪና ድምፅ መሣሪያ ጥገና ነው። ስለ ሆቴሎቹና ስለ ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤቶች ብዙ ሰው ጽፏል፤ መኪና ውስጥ የሚሰማ ፉጨትን ለማስወገድ ወዴት መሄድና ምን መጠየቅ እንደሚገባ ግን የሚነግረኝ ሰው ለማግኘት ተቸግሬ ነበር።

መኪናው የአባቴ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ቴፕ፣ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየርና ቤዝ የሚያወጣ ሰብ ዉፈር አስገጥሞላቸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሩ ሲነሣ ከስፒከሮቹ አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ነዳጅ ሲሰጠው እየቀጠነ ይወጣል፣ እግር ሲነሣ አብሮ ይወርዳል። አባቴ በየሳምንቱ ይርጋለም ዘመድ ለመጠየቅ ሲሄዱ ዜናና መዝሙር መስማት ይወዳሉ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ አስቀድሞ የሚደክምበት ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅሙ በመሆኑ፣ ቃልን ከቃል የሚለዩት እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ድምፆች ከፉጨት ጋር ሲደባለቁ ንግግሩ በሙሉ ይጠፋባቸዋል። እኔ በደረስኩበት ሰሞን ቴፑን መክፈት ጭራሽ ትተውት ነበር፤ ነገሩን የያዝኩትም ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ፣ ዕቃም በሚሸጥ አንድ ቤት ነው። ስሙን አልጠቅስም። ሠራተኛው ሞተሩን አስነሥቶ አንድ ደቂቃ ያህል አዳመጠና «ይኼ የዲናሞ ድምፅ ነው» ብሎ (ዲናሞ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ነው) በአምፕሊፋየሩ የኃይል ገመድ ላይ የሚገጠም፣ ጩኸት የሚያጣራ ፊልተር ሸጠልን፤ ከነመግጠሚያው 3,200 ብር ከፈልን። ፉጨቱ እንደነበረ ነው። በማግሥቱ ስንመለስ ዲናሞው ራሱ መቀየር እንዳለበት ተነገረን። አባቴ ሊገዙ ተስማምተው ነበር፤ እኔ ግን አንድም መለኪያ ሳይነካ የተሰጠ ውሳኔ ስለሆነብኝ «ሁለት ቀን ይቆየን» ብዬ መኪናውን ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛውን ባለሙያ ያገኘነው በጎረቤታችን በባጃጅ አሽከርካሪው ጥቆማ ነው። ወደ አቶቴ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል የሚሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆነው ወጣት ነው። ሥራውን የጀመረው ካቻቢቴ በማንሣት አልነበረም፤ በመጠየቅ ነበር። «አባባ፣ ድምፁ ሬዲዮ ላይ ብቻ ነው ወይስ ፍላሽ ሲሰኩም አለ? ቴፑን ጨርሰው ሲቀንሱትስ ይጠፋል?» አላቸው። አባቴ በሁሉም ላይ እንዳለ፣ ቢቀንሱትም እንደማይጠፋ ነገሩት። ሬዲዮ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንቴናውን ወይም መኪናው ውስጥ ሞገድ የሚረጩ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችን ይመረምር እንደነበር፣ ድምፁ ሲቀነስ አብሮ ቢቀንስ ደግሞ ችግሩ ከቴፑ ወይም ከዚያ በፊት ካለው እንደሚሆን አስረዳን። ተቀንሶም የማይጠፋ ከሆነ ፉጨቱ የሚገባው ከቴፑ የድምፅ መቆጣጠሪያ በኋላ፣ ማለትም ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የለየው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ነው።

ከዚያ ዲናሞውን ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.5 ቮልት፣ ሞተሩ ተነሥቶ 14.1 ቮልት አሳየ፤ ሁለቱም ደህና ቁጥሮች ናቸው። ቀጥሎ መለኪያውን ወደ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) አዙሮ በባትሪው ጫፎች ላይ ሲያኖረው ከ0.1 ቮልት እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዲናሞ በተፈጥሮው የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲሆን በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል፤ ከዳዮዶቹ አንዱ ቢበላሽ ኖሮ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ጤነኛ ዲናሞም ቢሆን ጥቂት ሞገድ ማስቀረቱ ስለማይቀርና ሞገዱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ስለሚፈጥን፣ ከነዳጅ መርገጫው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት የድምፁን ምንጭ ይናገራል እንጂ ዲናሞው መበላሸቱን አያረጋግጥም። የመጀመሪያው ቤት የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ስሕተት አባቴ የማያስፈልጋቸውን ዲናሞ ሊገዙ ነበር።

አምፕሊፋየሩ ያለው ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ወጣቱ ሞተሩ እየሠራ፣ በመጀመሪያ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ከቴፑ የሚመጣውን የሲግናል ገመድ ነቀለና መልሶ አበራው፤ ፉጨቱ ጠፋ። ቀጥሎ ቻርጀር ላይ ያልተሰካ ስልኩን በአጭር ገመድ በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ፤ ሙዚቃው ጥርት ብሎ ወጣ። የቴፑን ገመድ ሲመልሰው ፉጨቱም ተመለሰ። እኔ ያን ጊዜ ነው ሥራው የገባኝ፤ አምፕሊፋየሩም ስፒከሮቹም ንጹሕ ናቸው፣ ጥፋቱ ቴፑና አምፕሊፋየሩ ሲገናኙ ብቻ የሚፈጠር ነገር ነው።

የዚህ ምክንያት ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት ነበር። ቴፑ ማሳውን ከፊት ከመኪናው አሮጌ ገመድ፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከኋላ ከመቀመጫው ቡሎን ይወስዳል። ሁለቱ ማሳዎች እኩል ካልሆኑ በመካከላቸው ያለው ጥቂት የቮልት ልዩነት በሲግናል ገመዱ ሽፋን በኩል ሲፈስ፣ አምፕሊፋየሩ ከዘፈኑ ጋር እሱንም አጉልቶ ያወጣዋል። በዚያ ገመድ የሚሄደው የድምፅ ምልክት ራሱ ከጥቂት ቮልት የማይበልጥ በመሆኑ እጅግ አነስተኛ ልዩነት እንኳ ይሰማል። በኃይል ገመዱ ላይ የተገጠመው ፊልተር ያልረዳንም ፉጨቱ የሚገባው በዚያ በኩል ስላልነበረ ነው። ወጣቱ ቤዙ እየመታ በአምፕሊፋየሩ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ሲለካ 0.4 ቮልት አገኘ። ቡሎኑን ሲፈታው የማሳው ገመድ የታሰረው በቀለሙ ላይ እንደነበረ፣ ከሥሩም ዝገት እንደያዘ በዓይናችን አየን።

ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ነጭ ብረት እስኪወጣ አጸዳው፤ ከ50 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ወፍራም ገመድ አሰረው፣ ዝገት እንዳይመለስ በላዩ ግሪስ ቀባበት። ልኬቱ ወደ 0.03 ቮልት ወረደ። ፉጨቱ በጣም ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም ነበርና ቴፑን አውጥቶ ማሳውን በቀጭኑ አሮጌ ገመድ ፋንታ ከዳሽቦርዱ በስተኋላ ካለው ብረት ጋር አገናኘው። የሲግናል ገመዱ ከኃይል ገመዱ ጋር ተጠምጥሞ በአንድ በኩል ይሄድ ስለነበር ወደ ቀኝ በኩል አሻገረው። በመጨረሻ በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የጌይን መቆጣጠሪያ ነካ። ይህ ማዞሪያ የድምፅ መጨመሪያ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሥራው ግን አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ምልክት መጠን ጋር ማመጣጠን ሲሆን፣ ከልክ በላይ ሲከፈት ጩኸቱንም አብሮ ያጎላል። የእኛው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር።

እኛ ያልጠየቅነውን ነገር አግኝቶ መናገሩ ከሁሉ በላይ እንዳከብረው አድርጎኛል። ከባትሪው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ፊውዝ አልነበረውም። ያ ገመድ በመንገድ ላይ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢገናኝ የባትሪው ኃይል በሙሉ ያለ ከልካይ ስለሚፈስ እሳት ሊነሣ ይችላል፤ ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው። «እትዬ፣ ፉጨቱ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም፤ ይኼ ግን ቤተሰብ የሚጫንበት መኪና ነው» አለኝ። አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ገመድ ይርጋለም ሲመላለሱ መኖራቸውን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል። በቅርቡ አምፕሊፋየር ያስገጠመ ሰው ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ይህን አንድ ነገር እንዲያይ እለምናለሁ።

ለሁሉም፣ ፊውዙንና ገመዱን ጨምሮ፣ 2,600 ብር ጠየቀን። ፊልተሩን አውጥቶ በእጃችን ሰጠን፤ ለመመርመር ብቻ የተለየ ክፍያ አልጠየቀም። እኔ በምኖርበት አገር የምርመራ ሰዓት ራሱን ችሎ ይከፈላል፤ እዚህም ባለሙያዎች ለጊዜያቸው በግልጽ ቢያስከፍሉ ዕቃ ለመሸጥ የሚቸኩሉበት ምክንያት ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ። የጎደለውን ለመናገር ያህል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጥሮን ሥራውን የጀመረው አምስት ሰዓት አልፎ ነው፣ ለአዛውንት የሚሆን መቀመጫና ጥላ የለም፣ ደረሰኝም አልሰጠንም። አረጋዊ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀድሞ ደውሎ ቢያረጋግጥ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ እስከ ጥቁር ውኃ ድረስ ነድተን ተመለስን፤ ነዳጅ ተሰጥቶም ተነሥቶም ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ። የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ስልክ በኦክስ (ድምፅ ወደ ቴፑ በሚያስገባው) ገመድ ተሰክቶ በዚያው ጊዜ በመኪናው ቻርጀር ኃይል ሲሞላ ትንሽ ጩኸት አለ። ይህም ያው የማሳ ጉዳይ ነው፤ ስልኩ በቻርጀሩም በኦክሱም በኩል ከመኪናው ማሳ ጋር በሁለት መንገድ ስለሚገናኝ ኤሌክትሪክ የሚዞርበት ሌላ ዙር ይፈጠራል። ወጣቱ ማሳውን የሚለይ ትንሽ መሣሪያ መሸጥ ሲችል፣ ርካሾቹ ቤዙን እንደሚያሳሱት ነግሮን ብሉቱዝ እንድንጠቀም መከረን። አባቴ ግን ስልካቸውን መኪና ውስጥ ስለማይሰኩ፣ ፍላሻቸውን ብቻ ይዘው በዚያው ቅዳሜ ይርጋለም ሄዱ።