ሜታል ለሚሰማ ሰው የቱ ሄድፎን ይሻላል? ሶኒ 1000ኤክስኤም4 ወይስ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ

ሱቅ ገብታችሁ ሄድፎን አሳየኝ ስትሉት ሻጩ መጀመሪያ ሚላችሁ "ቤዙ ገዳይ ነው" ነው። አማፒያኖ ምናምን ለሚሰማ ሰው እሺ ይሁን፣ ሄቪ ሜታል ምትሰሙ ከሆነ ግን እዛ ጋር ቆም በሉ። ብዙ ቤዝ ያለው ሁሉ ጥሩ ቤዝ የለውም፣ እንደውም ሜታልን ገደል ሚከተው እሱ ነው።

ለምን ብትሉ፣ የተለመደው ጊታር ወፍራሟ ክር 82 ኸርዝ አካባቢ ናት (ኸርዝ የድምጽ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምጹ ይወፍራል)፣ የቤዝ ጊታሩ ደግሞ 41። ሜታል ግን እዛ አልቆመም። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ፋብሪካ ሲሰራ ማሽን የሁለት ጣቱን ጫፍ ቆርጦበት በኋላ ክሩን እያላላ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ሁሉም ወደ ታች ወደ ታች ሲል ነው የኖረው፣ አሁን እነ መሹጋ ሚባሉት ባንዶች ባለ 8 ክር ጊታር ይዘው ጭራሽ የቤዝ ጊታሩ ሰፈር ገብተው ቁጭ ብለዋል። እዛ ላይ ደብል ቤዝ ድራሙን (በሁለት እግር ሚመታውን ትልቅ ከበሮ) ጨምሩበት። ሦስት መሳሪያ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይጋፋል ማለት ነው፣ ሄድፎኑ ያንን ቦታ ብቻ ከፍ ካደረገው ሪፉም (ተደጋግሞ ሚመጣው የጊታር ዜማ) የለ ድራሙም የለ፣ በቃ የወፍጮ ቤት ድምጽ ነው ምትሰሙት።

እሺ ወደ እቃው። እነዚህን ሁለቱን የመረጥኩት አዲስ ስለሆኑ አደለም፣ ሁለቱም ቆይተዋል። ኤም50ኤክስ የወጣው 2014 ነው (ያለ ኤክሱ ኤም50 ደግሞ 2007)፣ ሶኒው 2020። ከሶኒው በኋላ ኤክስኤም5 2022 ላይ፣ ኤክስኤም6 2025 ላይ መጥተዋል፣ ግን ለኛ ጥሩ ነው፣ አዲስ በወጣ ቁጥር የድሮው ይረክሳል። ደግሞ ኤክስኤም5 አይታጠፍም፣ ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፣ ኤክስኤም6 ላይ መልሰው እንዲታጠፍ አድርገውታል። ኤክስኤም4 ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዋጋ በብር አልጽፍም፣ በኛ አቆጣጠር ሀምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ ያስቃል። በዶላር ሶኒው ሲወጣ 350 ነበር አሁን ቅናሽ ላይ በደንብ ወርዶ ይገኛል፣ ኤም50ኤክስ ደግሞ 150 አካባቢ ነው ሚንቀሳቀሰው።

ኤም50ኤክስን ስታደርጉት መጀመሪያ ሚሰማችሁ ጭምቅ ማድረጉ ነው፣ ጭንቅላት ይይዛል። ጆሮ ማስገቢያው ሰፊ አደለም፣ ይሞቃል፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ከአንድ ሁለት አልበም በኋላ ያማል። 285 ግራም ነው፣ ከሶኒው 254 ግራም ብዙም አይርቅም ግን አያያዙ ነው ክብደቱን ሚያሳውቀው። ድምጹ ግን... ቤዙ ከፍ ያለ ነው ግን አጭር ነው፣ ይመታና ይቆማል። ፈጣን ደብል ቤዝ ሲመጣ እያንዳንዷን ምት ለየብቻ ትሰሟታላችሁ፣ ጊታሩ ግራና ቀኝ ተለያይቶ ይቀመጣል፣ ስኔሩ (ትንሹ ከበሮ) መሀል ላይ ጠብ ይላል። እዚህ ጋር ሶኒው በፍጹም አይደርስበትም። ጉድለቱ ከላይ ያለው ጫፍ ላይ ነው፣ ሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳህን) ላይ። ቀጭኑ ድምጽ ላይ ሾል ያለ ነገር አለው፣ የድሮ ብላክ ሜታል ሆን ተብሎ ቆሻሻ ሆኖ የተቀዳ ነገር ስትሰሙበት ጆሮ ይበሳል፣ ለረጅም ሰአት አልመክርም።

ከሳጥኑ ሦስት ገመድ ይወጣል፣ አንዱ ጥምዝምዝ፣ አንዱ 3 ሜትር፣ አንዱ 1.2 ሜትር። ለስልክ ምትጠቀሙት አጭሩን ነው። ገመዱ ሚሰካው በግራ በኩል ብቻ ነው፣ ገፋ አርጋችሁ ዞር ስታረጉት ቆልፎ ይይዛል፣ ሰው ገመዱን ቢረግጠው እንኳን በቀላሉ አይወጣም። ገመድ ሲበጠስ ገመድ ነው ምትገዙት ሄድፎኑን አደለም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪ የለው፣ አፕዴት የለው፣ ከአስር አመት በኋላም ያው ነው፣ ከጊዜ ብዛት ሚላጠው የጆሮው ቆዳ ብቻ ነው እሱም ይቀየራል።

ሶኒው ሌላ ሀሳብ ይዞ ነው የተሰራው። ከካርቶኑ አውጥታችሁ ዝም ብላችሁ ሜታል ከከፈታችሁበት እውነቱን ልናገር አስቀያሚ ነው፣ ቤዙ ያበጠ ነው፣ ጊታሩን ይሸፍነዋል፣ ቮካሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሚጮህ ይመስላል። ብዙ የሜታል ሰው እዚህ ጋር ነው ተናዶ ሚተወው። ግን የሶኒ አፑ ውስጥ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምጽ ለየብቻ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) አለ፣ "ክሊር ቤዝ" ሚለውን ወደ ኔጋቲቭ አውርዱት፣ 400 ላይ ያለውንም ትንሽ ዝቅ፣ 2.5 ሺ ላይ ያለውን ትንሽ ከፍ። እቃው ተቀይሮ ሌላ ሄድፎን የያዛችሁ ነው ሚመስላችሁ፣ ኤም50ኤክስ አይሆንም ግን ሪፉ ይመለሳል። ይሄን ሳታረጉ ስለ ሶኒ ድምጽ ምትሰጡት አስተያየት ለኔ አይቆጠርም።

እና አሁን ዋናው ነገር፣ የት ሆናችሁ ነው ምትሰሙት? ይሄን ሳይጠይቅ ይሄ ይሻላል ያ ይሻላል ሚል ሰው ድምጽ ሚያውቀው በወረቀት ነው። ሚኒባስ ውስጥ ናችሁ እንበል፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ መገናኛ መገናኛ እያለ። የሞተር ጉርጉርታ ያለው የት ነው? ታች ነው፣ ቅድም ያልኩት የጊታርና የደብል ቤዝ ሰፈር ላይ። ስለዚህ ያ ሚያምረው የኤም50ኤክስ አጭር ቤዝ ታክሲ ውስጥ በሞተሩ ይበላል፣ እናንተ ድምጽ ትጨምራላችሁ፣ ስትጨምሩ ሲምባሉ ይበሳችኋል፣ ሲያስጠላችሁ ትቀንሳላችሁ፣ እንደዛ እያላችሁ መውረጃችሁ ይደርሳል። የሶኒው ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጭ ድምጽ ማጥፊያው) ደግሞ በጣም ሚጎብዘው በትክክል እዛ ቦታ ላይ ነው፣ ሳይቋረጥ ሚያጓራ ዝቅተኛ ድምጽ፣ ሞተር፣ ጀነሬተር፣ አውሮፕላን። የሰው ንግግር አያጠፋም፣ ረዳቱ ይሰማችኋል (ደግሞ ቢሰማችሁ ይሻላል ወራጅ ማለት አለባችሁ)። ግን ሞተሩ ሲጠፋ ዝቅ ባለ ድምጽ ሙሉ ዘፈኑን ትሰማላችሁ። የአለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰአት ድረስ ይበቃዋል ይላል፣ ታክሲ ውስጥ ያለ ኖይዝ ካንስሊንግ ሜታል ሚሰማ ሰው ያንን በቀላሉ ነው ሚያልፈው፣ ጆሮ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

መንገድ ስትሻገሩ ግን አውልቁት ወይ አምቢየንት (የውጭውን ድምጽ ሚያስገባው) ላይ አርጉት። ሌላው ደግሞ መርካቶ መሀል ትልቅ ሶኒ ጭንቅላት ላይ ጭኖ መሄድ ለሌባ ግብዣ ነው፣ አንገት ላይ ማንጠልጠልም ያው ነው።

መብራት ለሚሄድበት ሰፈር፣ የሶኒው ባትሪ ኖይዝ ካንስሊንጉ በርቶ 30 ሰአት ነው፣ 10 ደቂቃ ብቻ ብትሰኩት 5 ሰአት ይሰጣል፣ ስለዚህ እሱ ብዙ አያሳስብም። ሚያሳስበው ከአመታት በኋላ ባትሪው ሲደክም ነው፣ የዛን ጊዜ በገመድ ትጠቀሙታላችሁ፣ የ3.5 ሚሊሜትር የገመድ ቀዳዳ አለው።

ብሉቱዝ ድምጽ ይቀንሳል ወይ ሚለው ላይ ብዙ ይወራል። አጭሩ መልስ አዎ ግን እንደምታስቡት አደለም። አንድሮይድ ከሆነ ስልካችሁ ኤልዳክ (ብሉቱዝ ድምጹን ጨምቆ ሚልክበት አንዱ መንገድ፣ ኤስቢሲና ኤኤሲም እንደዛው ናቸው) ካለው አብሩት፣ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይወስዳል፣ ከዛ በላይ ልዩነት እሰማለሁ ሚል ሰው ካለ ይምጣና አይኑን ጨፍኖ ይለይልኝ። ኤስቢሲ ላይ ከሆነ ግን ሲምባሉ ላይ ሽሽሽ ሚል ነገር ይሰማል፣ ሜታል ደግሞ ከዳር እስከዳር ሲምባል ነው። አይፎን ኤልዳክ የለውም፣ ኤኤሲ ነው፣ ይበቃል። አይፎን ይዛችሁ ኤም50ኤክስ ምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከአይፎን 7 ጀምሮ ቀዳዳ ስለሌለ ትንሿን አዳፕተር መግዛት አለባችሁ፣ ርካሽ ናት ግን ሁሌ ትጠፋለች። ርካሾቹ ቴክኖና አይቴል ብዙዎቹ ቀዳዳው እስካሁን አላቸው፣ እዚህ ላይ ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው ነው ያሸነፈው። ኤም50ኤክስ 38 ኦም ስለሆነ (ኦሙ ሲበዛ ለመግፋት ይከብዳል) ማንኛውም ስልክ ይገፋዋል፣ ያለ ምንም አምፕ (ድምጽ ማጉያ)።

ከሄድፎኑ በፊት ግን ፋይሉን እዩ። ስፖቲፋይ ላይ ቬሪ ሃይ 320 ኪሎቢት ነው፣ በሰአት 144 ሜጋባይት ማለት ነው፣ ፓኬጅ እየገዛ ለሚሰማ ሰው ቀላል አደለም፣ ዋይፋይ ስታገኙ ዳውንሎድ አርጉ። ባንድካምፕ ላይ ደግሞ አንዴ ከገዛችሁት በፍላክ (ጥራቱ ሳይቀነስ በተጨመቀ ፋይል) ታወርዱታላችሁ፣ ትናንሽ የሜታል ባንዶች ሁላ እዛ ናቸው፣ ገንዘቡም አብዛኛው ባንዱ ጋር ነው ሚደርሰው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አንዳንድ አልበም በየትኛውም ሄድፎን አይስተካከልም። የሜታሊካን ዴዝ ማግኔቲክ (2008) ከፍታችሁ ድምጹ ሲፈነዳ ሄድፎኑን ልትመልሱ እንዳትሄዱ፣ ሲሰራ ነው ከልክ በላይ ጮሆ የተቆረጠው፣ ጌም ላይ የወጣው ቅጂ ይሻላል ብለው ሰዎች ያንን ይሰሙ ነበር። የ1988ቱ ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል ላይም ቤዝ ጊታሩን ብትፈልጉት አታገኙትም፣ እሱም ከፋብሪካው ነው። ሄድፎን ለመፈተሽ የማስተር ኦፍ ፐፐትስን አልበም (1986) ውሰዱ፣ ስትሬንጀር ቲንግስ ካየ በኋላ ሜታል የጀመረው ሁሉ ሚያውቀው ነው ደግሞ። ከሀገር ውስጥ ከፈለጋችሁ የጃኖ ባንድን ኤርታሌ (2012) ሞክሩ፣ ቢል ላዝዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ሜታል ነው አልልም ሮክ ነው፣ ግን ከባድ ጊታርና የኛ ቅኝት አንድ ላይ ሲመጣ ሄድፎኑ ድምጻዊውንና ጊታሩን ይለያል አይለይም ሚለውን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ሁለቱንም በአንድ እቃ ብትሉ ኤም50ኤክስቢቲ2 ሚባል አለ፣ ብሉቱዝ ያለው፣ ኤልዳክም አለው፣ ባትሪው 50 ሰአት ነው፣ ግን ኖይዝ ካንስሊንግ የለውም ስለዚህ የታክሲው ችግር እንዳለ ነው። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ሚላችሁን ሰው አትስሙት፣ ድምጹ ድንቅ ነው ግን 300 ኦም ነው ስልክ አይችለውም፣ ደግሞ ጀርባው ክፍት ነው፣ ድምጹ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቤተሰብ ጋር ምትኖሩ ከሆነ እናታችሁ አብረዋችሁ ዴዝ ሜታል ሊሰሙ ነው።

ብሩ ለአንዳቸውም ካልበቃ ሙንድሮፕ ቹ 2 ፈልጉ፣ ጆሮ ውስጥ ሚገባ ባለገመድ፣ 20 ዶላር አይሞላም፣ ገመዱ ይነቀላል። በዛ ዋጋ እንደዛ ያለ ሪፍ መስማት ከየት ተገኘ ያስብላል። ተማሪ ከሆናችሁ ንባቡን እዚሁ ጋር አቁማችሁ እሱን ግዙ።

ከኪሴ ቢሆን፣ ቤት ወይ ቢሮ ቁጭ ብዬ አልበም ሙሉ ምሰማ ከሆነ ኤም50ኤክስ፣ ዋጋውም ያንሳል ድምጹም ይበልጣል፣ ሁለት ጊዜ አላስብም። ቀኔን ታክሲና ባቡር ውስጥ ማሳልፍ ከሆነ ሶኒው፣ ኢኳላይዘሩን ለማስተካከል ቃል እስከገባሁ ድረስ። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሁለተኛው ነው፣ ቤት ስንገባማ ማን ሄድፎን ያረጋል ደክሞን እንተኛለን።

ሱቅ ውስጥ ስትገዙ የሶኒው ኮፒ በሽ ነው፣ ካርቶኑም ጽሁፉም ቁርጥ ኦርጅናሉን ነው። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሳውንድ ኮኔክት ሚባለውን የሶኒ አፕ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሂዱ፣ እዛው አገናኙት፣ አፑ ሄድፎኑን በስሙ አውቆ ኢኳላይዘሩን ካልከፈተላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ሻጩ "ኔትወርክ ነው" ካላችሁም ውጡ። ዘመድ ከውጭ ሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ "ሶኒ ሄድፎን" ብላችሁ አትላኩ፣ ሲኤች720ኤን ገዝተው ይመጣሉ፣ እሱም መጥፎ እቃ አደለም ግን ኤልዳክ የለውም። ኦዲዮ ቴክኒካም ላይ ኤም20ኤክስ፣ 30፣ 40 ሁሉም ጥቁር ናቸው ሁሉም ይመሳሰላሉ። ሊንኩን ላኩላቸው፣ ፎቶውንም ላኩላቸው፣ ከመክፈላቸው በፊት ደግሞ ስክሪንሾት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።