የማሪስ ፓይፐር የድንች ዘር፦ «ኔማቶድ ይቋቋማል» ሲሉ የትኛውን ነው?

በመጀመሪያ ጥሩውን ላውራ። ማሪስ ፓይፐር ለጥብስ የሚሆን ምርጥ ድንች ነው፤ ውጩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ዱቄት ነው።

ካምብሪጅ የነበረው የዕፅዋት ማዳቀያ ተቋም በ1966 በፈረንጆች ሲያወጣው ግን ትልቁ ወሬ ኔማቶድን፣ ማለትም የድንች ሥር የሚያጠቃውን ረቂቅ የአፈር ትል፣ እንዲቋቋም የሚያደርገው ኤች1 የሚባለው ጂን ነበር። የተገኘው ከአንዲስ ተራሮች ድንች ነው። አሠራሩን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ትሏ ሥሩ ውስጥ ገብታ ምግብ የምትስብበትን የሴሎች ስብስብ ማዘጋጀት ስትጀምር፣ ተክሉ በዙሪያው ያሉትን የራሱን ሴሎች ይገድልና ቀለቧን ይቆርጥባታል። በረሃብ ያደጉት ትሎች ደግሞ አብዛኞቹ ወንድ ሆነው ይቀራሉ፣ ወንድ እንቁላል የለውም። በዚያ ላይ ሥሩ የሚለቀው ፈሳሽ አፈር ውስጥ የተኙትን እንቁላሎች ቀስቅሶ ያስፈለፍላቸዋል፣ ወጥተው የሚበሉት ግን የለም። ወጥመድ ማለት ይሄ ነው!

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የገዛሁት ከረጢት ላይ «ኔማቶድ የሚቋቋም» ብቻ ነው የተጻፈው። የትኛውን? የድንች ሲስት ኔማቶድ (ሲስት የሞተችው ሴት ትል እንቁላሎቿን የያዘ ጠንካራ ቅርፊት ነው) እኮ ወርቃማና ነጭ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ኤች1 የሚሠራው ወርቃማው ላይ ነው፣ ነጩን ምንም አያደርገውም። እንዲያውም እንግሊዝ ውስጥ ይህን ዝርያ ደጋግመው ሲዘሩት ወርቃማው እየተመናመነ ሄዶ ሜዳው በአብዛኛው ለነጩ ቀረለት። ሻጩን ብጠይቀው «ሁሉንም ይችላል» አለኝ። አይችልም ወንድሜ!

ነገሩ ቀላል አይደለም። አንዷ ሲስት በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ይዛ አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትቆይ ትችላለች፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አፈራችሁን አስመርምሩ። ነጩ ከተገኘ ኢኖቬተር የሚባለው ዝርያ ይሻላል፤ እንዳይራባ በደንብ ያግደዋል። ግን እሱም ጣጣ አለው። መቋቋምና ጉዳት መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ኢኖቬተር ትሉን እያገደውም ቢሆን ትሉ የበዛበት መሬት ላይ ምርቱ ክፉኛ ይወርዳል። ወርቃማውን ደግሞ አይቋቋመውም።

ማሪስ ፓይፐር እከክም ይይዘዋል፣ በተለይ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ውኃ ካነሰው። ለዝርያው 4 ኮከብ፣ ለከረጢቱ ጽሑፍ 1።